ለእሷ እንዳትነግራት

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሐሙስ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው የምጽፈው። ሦስት ቀን አይሞላም። ከዚያ በፊት የነበርኩትን ልጅ ግን አሁን ሳስበው ሌላ ሰው ይመስለኛል።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተጣሉ ሬዲዮኖች እየፈታሁ፣ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደወጣ በደብተር እየጻፍኩ ነው የለመድኩት። የደብተሩ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ብዙ አላወራም፤ የሰማሁትን ግን እጽፋለሁ። ከታች ያለውን ንግግር ሁሉ ማስታወስ የቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከአክስቴ ጋር የተነጋገርነው በጉራጊኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ ደነቀች የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናትና አባቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ ቸሃ ውስጥ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ እላት ነበር። መታወቂያዋ ሰባ አንድ ዓመት ይላል። «የሞላው ልጅ ፊቴን አይቶ ነው የገመተው» ትላለች። እኔ ከሌሎች ሰዎች ዕድሜ ጋር እያመሳከርኩ ስቆጥር ሰባ ስድስት ይሆናል።

በአካባቢው የምትታወቀው በአንድ ነገር ነበር። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ቆጮ እስኪሆን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። መድረሱን ማወቅ የፈለገ ጎረቤት እሷን ይጠራል። ድንጋዩን ታነሣለች፣ ቅጠሉን ገለጥ ታደርጋለች፣ እጇን እስከ ክርኗ ታስገባለች፣ ቁንጥር አውጥታ ጨምቃ ታሸታለች። ከዚያ «ደርሷል» ትላለች፤ ወይም «ገና ነው»፤ ወይም «ተበላሽቷል»። ሌላ ቃል አትጨምርም። ተበላሽቷል ስትላት ያለቀሰች ሴት አይቻለሁ፤ የዓመት ምግብ ነዋ። እቴቴ ግን አብራት ትቀመጣለች እንጂ ቃሏን አትለውጥም። ጉድጓዱ የሴት ሥራ ስለሆነ ወንድ አይጠጋውም። እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ነው የማየው።

በዚያ መስቀል ታናሽ ወንድሟ ጋሼ ክፍሌ እንደ ወትሮው ከነቤተሰቡ ከአዲስ አበባ ገባ። ሚስቱ፣ እቴቴ ልብስ ስትቀይር ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አየች። ለካ እቴቴ ከዓመት በላይ ደብቃው ኖራለች። ወልቂጤ ወስጄ አሳየኋት። ሐኪሙ ብብቷን ዳስሶ ብዙ አልተናገረም፤ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይታይ ብሎ ወደ ቡታጅራ ጻፈላት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ቡታጅራ፣ የሕክምናው ቦታ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ነርሷ ስሟን ጠራች። እቴቴ አልተነሣችም።

«እቴቴ፣ ተጠራሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ተነሺ።»

«መርፌ አላስነካም፤ ወደ ቤቴ መልሰኝ።»

ነርሷ ሁለተኛ ጠራች። እጄን አንሥቼ ትንሽ እንድትታገሠን ለመንኳት። እሷም ቀጣዩን ሰው አስገባች።

«ለምን እቴቴ?»

«ያለጊዜው የተከፈተ ጉድጓድ አየር ይገባዋል። አየር የገባው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ይሄም ዝም ብሎ ተቀምጧል። ዓመት ሙሉ እዚህ ነበረ፣ አልነካኝም፣ አልነካሁትም። አመተን አታስታውሳትም? በመርፌ ነክተውባት በሁለተኛው ወር አልቀበርናትም?»

አመተ ጎረቤታችን ነበረች። ያሟሟቷን ነገር ወልቂጤ ያለውን ሐኪም ጠይቄው መልሱን ጽፌ ነበር። «መርፌው አይደለም የገደላት» አልኳት። «ሐኪም ቤት የሄደችው ሲብስባት ነው፤ መርፌው የነበረውን ነው ያሳየው።» አንገቷን ነቀነቀች። የሐኪም ቃል ለእሷ የሩቅ ሰው ቃል ነው። ስለዚህ በሌላ በኩል መጣሁ።

«አንቺ የሰው ጉድጓድ ስታዪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን ነካህ? አሸታለኋ።»

«ከዚያስ?»

«ቅጠሉን መልሼ፣ ድንጋዩን ጭኜ እሄዳለሁ።»

«በአንቺ ቁንጥር የተበላሸ ጉድጓድ አለ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ በአፏ ጥግ ሳቀች። «ሽቦ ስትነካካ አፍህም ተፈታ መሰለኝ።»

«መርፌውም ቁንጥር ነው። አይተው ይዘጉታል።»

«ቁንጥር ብቻ ከሆነ ይሁን።» ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ግን ቁንጥሩን ያየ ሰው ለባለቤቱ ይናገራል። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«እሺ» አልኳት። እንድትገባልኝ ብቻ ነበር ያሰብኩት።

መጋረጃው ማዶ ሆኜ ጠበቅኩ፤ ድምፅ አላሰማችም። ስትወጣ «ከእንሰት መፋቂያ አይብስም» አለች። ውጤቱ ቅዳሜ ይደርሳል ተባልን።

ዓርብ ዕለት ሱቄ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥኖቹ አጠገብ ወንበር አስቀመጥኩላት። ስሠራ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ መምህር አስፋው መጡ። ከጎጃም መጥተው እዚህ ያረጁ ጡረተኛ ናቸው፤ ሬዲዮናቸውን ከሳምንት በፊት ትተውልኝ ነበር።

«እህሳ ሙሌ፣ በሽተኛዬ እንዴት አደረ?»

«አይሠራም መምህር። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፤ የዚህ ዓይነት አሁን አይገኝም።»

«ሞተ በለኛ፤ ምን ታስታምመኛለህ።»

«ሞቷል መምህር።»

ሬዲዮናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ሳቁ። «ምናለ ትንሽ ብትዋሸኝ? ሳምንት ቆይተው ይምጡ ብትለኝ፣ ሳምንት በተስፋ እኖር ነበር።» ሰላምታ ሰጥተዋት ሄዱ። እቴቴ ያመለጣትን አማርኛ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ደግ አደረግህ» አለች።

ማታ ላይ እሷ ከኋላ ባለችው ማደሪያዬ ጋደም እንዳለች ጋሼ ክፍሌ ደወለ። ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ስማኝ» አለ። «ነገ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለእሷ እንዳትነግራት። ቁስለት ነው በላት። እዚህ አዲስ አበባ አልጋ አዘጋጅቻለሁ፤ ሰኞ ታመጣታለህ። ይቆረጥ ካሉ ይቆረጣል፤ ኬሞ ካሉም ትወስዳለች። ካወቀች ግን በሽታው ሳይሆን ፍርሃቱ ነው የሚገድላት።»

«ከጠየቀችኝስ ጋሼ?»

«አንተ ዝም ማለት ታውቅበታለህ። ከተፈጠርክ ጀምሮ ሌላ ምን ሠርተህ ታውቃለህ?»

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ድምፁ ተሰበረ። እሱንም ያሳደገችው እሷ ናት። «እሺ ጋሼ» አልኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ እሺ ብያለሁ፤ ሁለቱን መጠበቅ እንደማልችል የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሐኪሟ እኔን ብቻዬን አስገባችኝ። እቴቴ በረንዳው ላይ ቀረች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛው ነበር።

«ካንሰር ነው» አለችኝ። «ብብቷ ውስጥም ገብቷል። ከዚያ አልፎ እንደሆነ አዲስ አበባ ነው የሚታየው። እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ቤተሰቡ እንዳትሰማ ነው የሚፈልገው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጉዳዩ የእሷ ነው። እኔ ልነግራት እችላለሁ፤ አንተም ልትነግራት ትችላለህ። ሳታውቅ ግን እንዴት ታሳክሟታላችሁ? ፀጉሯ ሲረግፍ ምን ልትሏት ነው?»

«ከቤተሰቡ ጋር ልነጋገር» አልኩ። ፈሪ የሚለው ነገር ነው። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልመጣልኝም። ጥያቄ በጥያቄ ጠየቅኳት፣ የመለሰችልኝን እንዳለ ጻፍኩ። አንድ፣ ሕክምናው ጨርሶ ያድናታል ማለት ይከብዳል። ሁለት፣ ዕድሜ ሊጨምርላት ይችላል፤ ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሦስት፣ ልቧ ደከም ያለ ስለሆነ ሕክምናው ራሱ ሊጎዳት ይችላል። አራት፣ ካልታከመች እያደገ ይሄዳል፤ ሊቆስልም ይችላል። አምስት፣ ሕክምናውን ባትፈልግም የሕመም ማስታገሻ እዚሁም ወልቂጤም ታገኛለች፤ ብቻዋን አትተውም። ስድስተኛ ጥያቄ ነበረኝ፤ እርስዎ እናትዎ ብትሆን ምን ያደርጋሉ የሚል። አልጠየቅኩም።

ስወጣ እቴቴ ቆማ ነበር።

«ምን አለችህ?»

«ቁስለት ነው አለች። አዲስ አበባ መድኃኒት አለው።»

የሸሚዜን ኪስ አየች። ደብተሩ እዚያ ነበር። «እሺ» አለች። ባጃጅ ይዘን ወደ ማደሪያዬ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ገበያተኛውን ስታይ ነበር።

ምሳ አቀረብኩ። አልነካችውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠችው።

«ሙሌ፣ ደብተርህን አውጣ።»

«ለምን?»

«በመስኮቱ አይቼሃለሁ። እሷ ትናገራለች፣ አንተ ትጽፋለህ፤ ገጽ ስትገለብጥም አይቻለሁ። ቁስለት ለማለት ይህን ያህል አይጻፍም።»

ዝም አልኩ። ዝምታ አውቅበታለሁ ተብሎልኛል።

«ለዚያ ሽማግሌ ሞቷል ያልከው ትናንት ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ ከሬዲዮ አንሳለሁ?»

«ጋሼ ክፍሌ እንዳትነግራት ብሎኛል።»

«ጉድጓዱ የክፍሌ ነው?»

ደብተሩን አወጣሁ። ካንሰር የሚለውን ቃል ማለት አቅቶኝ «ነቀርሳ ነው እቴቴ» አልኳት፤ ይኼኛው ግን እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራው የኖረችው ቃል ነበር። ከዚያ አምስቱን መልሶች አንድ በአንድ አነበብኩላት። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች፣ እንደገና ቋጠረች። ሦስት ጊዜ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም።

«ሁለተኛውን ድገምልኝ» አለች።

«ዕድሜ ሊጨምርልሽ ይችላል። ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

«የመጀመሪያውን።»

እሱንም ደገምኩ። ውጭ የመናኸሪያው ረዳቶች ወደ ቆሼ ከተማ ለሚሄድ ተሳፋሪ ቆሼ፣ ቆሼ እያሉ ይጣራሉ። አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ወጣ።

«አልሄድም» አለች።

የምጠብቀው እሱን ነበር፤ ሲመጣ ግን አልቻልኩም። በሕይወቴ ብዙ ያወራሁት ያን ሰዓት ይመስለኛል። ጋሼ ቤት ንጹህ መሆኑን፣ እኔም ሱቁን ዘግቼ አብሬያት እንደምሄድ፣ መድኃኒቱ ከድሮው እንደሚሻል፣ ሁሉንም ነገርኳት። «አንድ ዓመት ቢጨምርልሽስ? አንድ መስቀል እንኳ?»

«ዓመቱን ማን ሊኖረው ነው? እኔ ወይስ አልጋው?» አለች። «የክፍሌ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። እንግዳ ሆኜ ልታመም? ሰፈሬ ብሆን ጠዋት ቅጠል ልትቆርጥ የምታልፈው ሴት ሁሉ አድረሻል ወይ ትለኛለች።»

«ፈርተሽ ከሆነ እቴቴ...»

«ፈርቻለሁ። ለምን አልፈራ? ፍርሃቱ ግን አዲስ አበባም ይከተለኛል።» ዕንባዬን አይታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። «በሐሙሱ ነገር ተሳስቼ ነበር፤ አንተ ነህ ልክ። ከታየ ወዲያ ግን የማደርገውን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ክፍሌን ጥራልኝ።»

ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። ሁልጊዜም ስልክ ስታወራ ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ስለምትይዘው የሁለቱንም ሰማሁ።

«ክፍሌ፣ አውቄዋለሁ።»

«ያ ልጅ ነገረሽ?»

«ጠይቄው ነው። ልጁን ተወው።»

«ሰኞ ትመጫለሽ እቴት። መኪና ልላክ?»

«አልመጣም።»

«እንዴት አልመጣም ትይኛለሽ? ገንዘቡን አታስቢ። ሰውስ ምን ይለኛል? አሳድጋው፣ አስተምራው፣ ሳያሳክማት ገደላት አይለኝም?»

«ለሰው እኔ እነግረዋለሁ። ደህና ሳለሁ፣ በየቤቱ ሄጄ እነግረዋለሁ። ወንድሜ ለመነኝ፣ እኔ እንቢ አልኩ እላለሁ።»

ጋሼ ክፍሌ ማልቀስ ጀመረ። እሷም ልጅ ሳለ እንደምታባብለው ይመስለኛል፣ ስሙን እየደጋገመች ጠበቀችው። ስልኩን ስትመልስልኝ «ሚኒባስ ሳያልቅ እንሂድ» አለች። በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቸሃ ተሳፈርን።

እንዳለችው አደረገች። በየቤቱ ሄዳ ነገረች። የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት መልካም ነበሩ ማለት እችላለሁ፤ ጎረቤትም ለጉድጓድ ሲጠራት ትሄድ ነበር። ከጥር በኋላ ቆሰለ። ቁስሉ ይሸታል፤ ያ ሁሉን በማሽተት የምታውቅ ሴት የራሷን ሽታ እያሸተተች ዋለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከወልቂጤ ማስታገሻ እያመጣሁ፣ የወሰደችበትን ሰዓት እየጻፍኩ ከረምኩ። መድኃኒቱ ሳይበቃት የቀረባቸው ቀኖች ነበሩ። በእነዚያ ቀኖች፣ ባልነግራት ኖሮ ሰኞ ትሄድ ነበር፣ ምናልባት ይህ አይመጣም ነበር እያልኩ ራሴን እበላ ነበር። ጋሼ ክፍሌ በየወሩ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። ከእኔ ጋር ግን አይነጋገርም።

በግንቦት አንድ ጠዋት ደግፌያት ወደ ጓሮ ወጣን። የራሷ ጉድጓድ እዚያ ነው፤ ከመታመሟ በፊት የሞላችው የመጨረሻው።

«ድንጋዩን አንሣ» አለችኝ።

«ሴቶቹን ልጥራ?»

«ምን ያደርጉልኛል? እጅህን አስገባ።»

ወንድ ነኝ፤ አድርጌው አላውቅም። ግራና ቀኝ አየሁና ተንበረከክሁ። ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ እንደነገረችኝ እስከ ክርኔ አስገባሁ። ቁንጥሬን ጨምቄ ጣቶቼን ወደ አፍንጫዋ አቀረብኩ። ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ደርሷል እንድትል ፈለግኩ። ቆርሰው ቢያቀምሷት፣ አንዴ እንኳ ብትበላ ብዬ ነው።

«ገና ነው» አለች። «ዝጋው።»

ቅጠሉን መለስኩ፣ ድንጋዩን ጫንኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፈች።

ይህን የምታነቡ ሰዎች በአንድ ነገር እንዳትሳሳቱብኝ እለምናለሁ። አክስቴ ሕክምና እንቢ ማለቷ ልክ ነበር እያልኩ አይደለም፤ አላውቅም። ዓመት ሙሉ መደበቋ ግን ስህተት ነበር። ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ሐኪሟ የምትነግረኝ አምስት መልስ ሌላ ይሆን ነበር። ቤታችሁ እብጠት የደበቀች እናት ካለች ዛሬውኑ ውሰዷት፤ መርፌ አያባብስም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከሐኪሟ በር እስከ ማደሪያዬ ድረስ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ያሳደገችኝን ሴት ስለ ገዛ ሰውነቷ ዋሽቻታለሁ። ለእሷ አዝኜ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የፈራሁት እጇ ሲንቀጠቀጥ ማየትን ነው።

በአርባዋ ቀን ሴቶቹ ጉድጓዷ ዙሪያ ቆመው ተከራከሩ። አንዷ ደርሷል አለች፣ ሌላዋ አልደረሰም። በስተመጨረሻ ማንም ደፍሮ ስላልቆረጠ እንደተዘጋ ተዉት። እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ አያቸዋለሁ። ጋሼ ክፍሌ አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ፤ በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

«ያን ዕለት ስትነግራት ፈርታ ነበር?»

አልፈራችም ልለው አፌን ከፈትኩ። ሐዘንተኛ ነው፤ እንዲያ ቢባል ይቀለዋል።

«ፈርታ ነበር ጋሼ» አልኩት። «እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ሦስት ጊዜ ቋጥራ ፈታችው።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀልኝ።